ለዐቃቤ ሕጉ ያልደረሰው መጥሪያ

ከቢቸና ወደ ሞጣ ስንሄድ ጋቢና ነበርኩ። ከኋላዬ የተቀመጠ ጎልማሳ ሾፌሩን «ፍርድ ቤቱ ጋ ታወርደኛለህ» ሲለው፣ አጠገቡ ያሉት እናት ወሬ ጀመሩ።

«ምን ጉዳይ ይዞህ ነው፣ ልጄ?»

«ሪከርድ ላሰርዝ ነው፣ እማማ። ጎረምሳ ሳለሁ ሠርግ ቤት አንዱን በዱላ ፈንክቼ ስድስት ወር ታስሬ ነበር።»

«ሰውየው አልታረቀህም?»

«ኧረ ከታረቀኝ ቆየ! የልጄ ክርስትና አባት እሱ ነው። ያልታረቀኝ መዝገቡ ነው። ትምህርት ቤት ጥበቃ ልቀጠር ስል ከወንጀል ነፃ የመሆንህን ማስረጃ አምጣ አሉኝ።»

«ታዲያ ምን አጓተተው?»

«ዐቃቤ ሕጉ ቀርቦ አስተያየት ካልሰጠ አይሰረዝም። ሦስት ጊዜ ቀረ። በተጠየቀ ቁጥር ‹መጥሪያ አልደረሰኝም› ነው መልሱ።»

«ቢሮው ሩቅ ነው?»

«ከችሎቱ የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው! ሲያስነጥስ ዳኛው ‹ይማርህ› ይሉታል።»

«ማስነጠሱ ይደርሳል፣ መጥሪያው አይደርስም በለኛ!»

«መጥሪያውማ ማህተም አርፎበት መዝገብ ቤት ተኝቶ ይከርማል።»

«አንተ ራስህ እጁ ላይ አትሰጠውም?»

«ለማን ልስጥ? መልኩን አይቼው አላውቅም። ዛሬም ከቀረ ሥራውን ለሌላ ሰው ይሰጡብኛል።»

«እኔ ብሆን በሩ ሥር በርበሬ አጨስበት ነበር። ሲያስነጥስ፣ ቢሮው ውስጥ መኖሩን ዳኛው ራሳቸው ይመሰክሩልሃል።»

ባጄን ቀስ ብዬ ከአንገቴ አውልቄ ኪሴ ከተትኩ፤ አቧራው አፍንጫዬን ቢኮረኩረኝም፣ ሞጣ እስክንደርስ ማስነጠስ አልደፈርኩም።