ምትክ እስረኛ

ከካኮ ወደ ጂንካ የምትሄደው ሚኒባስ ጎማዋ መንገድ ላይ ተንፍሶ ሾፌሩ «አምስት ደቂቃ ናት» ብሎ ሲምል፣ የሾፌርን አምስት ደቂቃ የምናውቅ ተሳፋሪዎች ወርደን ግራር ሥር ተቀመጥን። ይህን የምጽፈው እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። ሕግ የተማርኩት ጠግኜ ስሞክራቸው ከሚናገሩት ሬዲዮኖች ስለሆነ፣ የተሳሳትኩትን የተማረ ሰው ቢያርመኝ አልቀየምም።

ከጎኔ ጋሽ ሣህሌ ነበሩ። አያታቸው ከሰሜን መጥተው ካኮ አጠገብ ሰፍረው የቀሩ፣ እርሳቸውም በሽምግልናቸው የሚከበሩ ገበሬ ናቸው። ከማዶ የተቀመጠችው ሔርሜላ ትባላለች፤ ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ታስተምራለች።

«ለደኅና ነው ከተማ የሚወጡት ጋሼ?» አለቻቸው።

«ለደኅና ነው ልጄ። ዛሬ ከሰዓት ልጄ ይፈረድበታል።»

«ይህ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው እንጂ! ጥፋቱን የሠራው እርሱ አይደለም።»

ሔርሜላ እኔን አየችኝ። እኔ ጎማውን አየሁ።

«በሐሰት ተከሶ ነው?»

«ኧረ ማን ይከሰዋል? ራሴ ነኝ የላክሁት።»

ነገሩን አዙረው መላልሰው ነገሩን፤ ሲጠቃለል እንዲህ ነው። ታናሹ ልጃቸው ጸጋአብ ጂንካ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ለበዓል ቤቱ ሄዶ ሳለ የጎረቤታቸው የሚልክያስ ከብቶች በቆሏቸው ውስጥ ገቡ። ጸጋአብ ሚልክያስን በበትር መታው፤ ክንዱ ተሰበረ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እርቅ ወረደ። ሁሉም ነገሩ አለቀ ብሎ ከብቱን ሊያሰማራ ሲል ፖሊስ መጣ። ያን ጊዜ ጋሽ ሣህሌ ታላቁን ልጃቸውን ሽመልስን ጠርተው «እኔ ነኝ በልና ሂድ» አሉት። ሚልክያስንም ለመኑት። እርሱም ከታረቅን ወዲያ ማንም ቢታሰር ለእኔ አንድ ነው ብሎ ዝም አለ።

«ለምን ሽመልስ?» አለች ሔርሜላ።

«ጸጋአብ ፈተና አለበታ! ሽመልስ ገበሬ ነው፤ ችግር ያውቃል። እስር ደግሞ የመንግሥት ነው፤ እንደ ግብር ነው። ግብሩን ታላቁ አደረሰው ታናሹ፣ ማን ይጠይቃል? መንግሥት ከቤቴ አንድ ሰው ፈለገ፤ አንድ ሰው ሰጠሁት።»

እውነቱን ለመናገር አነጋገራቸው እኔን አሳምኖኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ቅጣት ግብር አይደለም» አለች ሔርሜላ። «የቤቱ ዕዳ አይደለም፤ የሠራው ሰው ዕዳ ነው።»

«መንግሥት ራሱ መቼ አውቆት? አንድ ጊዜ ወረዳው ሰብስቦን፣ ፍርድ ቤቱን አታጨናንቁ፣ ችግራችሁን በሽማግሌ ፍቱ አለን። አጨበጨብኩ። ቆይቶ ሌላ ኃላፊ መጥቶ፣ ወንጀልን በሽማግሌ የሚሸፍን ተጠያቂ ነው አለን። እርሱም ደኅና ተናግሯል፤ አጨበጨብኩ። እንግዲህ የተሳሳትኩት የትኛው ጭብጨባ ላይ ነው?»

ሔርሜላ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ሁለቱም ላይ አልተሳሳቱም። ሽማግሌ ቂም ያወርዳል፤ ያ የእናንተ ሥራ ነው። ክንድ እስኪሰበር የደረሰ ጉዳት ግን በእርቅ ብቻ አይዘጋም፤ ያ የፍርድ ቤቱ ነው። መታረቃችሁ ደግሞ ቅጣቱን ያቀለዋል። ለጸጋአብ የደከማችሁበት እርቅ ይጠቅመው ነበር።»

«ለሽመልስም ይጠቅመዋላ።»

«እሺ፤ እርቁ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ሚልክያስ እግር ሥር የወደቀው ማን ነው?»

«ጸጋአብ ነዋ!»

«ሽመልስ ቢሸከምለትስ ኖሮ?»

ጋሽ ሣህሌ ከተቀመጡበት ተነሡ። «አንቺ ልጅ፣ እርቅ ላይ አይቀለድም! የመታው ሰው ቆሞ እያለ የሌላ ሰው ትከሻ ላምጣ? ሽማግሌዎቹ ጥለውኝ ነው የሚሄዱት። እኔም ብሆን እሄዳለሁ!»

«ታዲያ ዳኛው ከሽማግሌዎቹ ያንሳሉ?»

«ያንሳሉ እንጂ፤ አያውቁንም።»

«ስለማያውቋችሁ ውሸት ይነገራቸዋል?»

«ውሸት አይደለም...» ቃል ፈለጉ። «መተካት ነው።»

ተመልሰው ተቀመጡ፤ ግን እንደ ቀድሞው ተመቻችተው አልነበረም።

«ሚልክያስስ እንዴት ሆነ?»

«ክንዱ እየዳነ ነው። ገበያ ግን አይወጣም። ሰዉ ያማዋል። ሽመልስ ዝንብ የማያባርር ልጅ ነው፤ እርሱን ለዱላ ያደረሰ ሰው ምን ክፉ ነገር ቢሠራ ነው ይሉታል።» የተናገሩትን ራሳቸው ዘግይተው የሰሙት መሰለኝ።

«ሽመልስን ሂድ ሲሉት ምን አለ?»

«ምንም። ጋቢውን ለብሶ ሄደ። ታዛዥ ነው።»

«ከቤትዎ አንድ ልጅ ይማር፣ ደመወዝ ይብላ የሚል ቢመጣስ ማንን ይልኩ ነበር?»

«ጸጋአብን» አሉ ወዲያው፤ ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ሰውዬ፣ ዝም ብለህ ታዳምጣለህ፤ ምን ትላለህ?»

«እኔ ከሁለታችሁም ጋር ተስማምቻለሁ» አልኩ። እውነቴን ነበር።

ጋሽ ሣህሌ ለረጅም ጊዜ መሬቱን በጣታቸው ጫሩ። «አሁን ብናገር ሁለቱንም ያስሩብኝ ይሆን?»

«ሊጠይቋቸው ይችላሉ፤ እርስዎንም ጭምር» አለች ሔርሜላ። «ግን ሳይፈረድ የተናገረ፣ ከተፈረደ በኋላ ከተያዘ ይሻላል።»

«መጽናኛው ይህ ነው?»

«ይህ ነው።»

ሾፌሩ ጎማውን ቀይሮ ጡሩምባ ነፋ። ጂንካ ስንደርስ ጋሽ ሣህሌ ባጃጅ ይዘው ወደ ጸጋአብ ኪራይ ቤት ሄዱ። እኔ የምጠግነው ሬዲዮ ነበረኝ፤ ሆኖም እግሬ ከሔርሜላ ጋር ወደ ፍርድ ቤት ወሰደኝ።

ዳኛው ገና መዝገቡን ሲከፍቱ፣ ጸጋአብን ይዘው የደረሱት ጋሽ ሣህሌ ሳይጠሩ ቆሙ።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«የተከሳሾቹ አባት ነኝ።»

«እዚህ ያለው አንድ ተከሳሽ ነው።»

«ለዚህ ነው የቆምኩት፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

ጸጋአብ ከኋላቸው ተነሥቶ «እኔ ነኝ የመታሁት» አለ። ድምፁ የተማረ ሰው ሳይሆን የፈራ ልጅ ድምፅ ነበር። ሽመልስ «አይደለም፣ እኔ ነኝ» አለ፤ አባቱ ያዘዙትን ገና ማንም አልሻረለትም ነበርና። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጠ። መጨረሻ ላይ ሚልክያስ ክንዱ በማንጠልጠያ እንደታሰረ ተነሥቶ «ትንሹ ነው» አለ፤ «ሰው በከንቱ አምቶኛል። ይበቃኛል።»

ያን ቀን አልተፈረደም። ጸጋአብ ተያዘ። ሽመልስ ቃሉን ሰጥቶ ወጣ፤ አባቱም ሲጠሩ ሊቀርቡ ቃል ገቡ። በኋላ እንደሰማሁት እርቁ ተቆጥሮለት የጸጋአብ ቅጣት ቀለለ፤ ፈተናውን ለሚቀጥለው ዓመት አቆየው። ሚልክያስም ገበያ ወጣ። እንግዲህ ጥፋትን የሠራው ሰው ራሱ ሲሸከመው የሚገኘው ጥቅም ይህ ነው፦ የተበደለው ስሙ ይመለስለታል፣ ያልበደለው ወደ ቤቱ ይገባል፣ የበደለውም የሚጨርሰው ቅጣት ይኖረዋል። በሌላ ሰው የተጨረሰ ቅጣት ለእርሱ ገና አልተጀመረም። ስለ ሁለቱ ስብሰባዎች ግን እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው።

ያን ዕለት ስንወጣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ አባትና ታላቅ ልጅ ጎን ለጎን ቆመው ነበር።

«ለምን እምቢ አላልከኝም?» አሉት ጋሽ ሣህሌ።

«አልጠየቁኝማ አባዬ» አለ ሽመልስ። «ነገሩኝ እንጂ።»

አዛውንቱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እሺ፤ አሁን እጠይቅሃለሁ። ምን እንድናደርግ ትፈልጋለህ?»

ሽመልስ ወዲያና ወዲህ አየ፤ ጥያቄው ለሌላ ሰው የተጣለ መስሎት ነበር። «ላስብበት» አለ በመጨረሻ።

የካኮ መኪና መጥታ ረዳቱ ተጣራ። ጋሽ ሣህሌ ረዳቱን በእጃቸው ሂድ አሉትና፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ልጃቸው አስቦ እስኪጨርስ ጠበቁ።