ሼኹ ሐኪም ዘንድ የሄዱ ዕለት

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ከሼኻችን የተማራችሁ ደረሶች፤ ከሞላሌ ቁልቁል ወርዳችሁ አብራችሁን ሼኻችንን አፈር ያለበሳችሁ የክርስቲያን ወገኖቻችን፤ ብድራችሁን አላህ ይክፈልልን።

እኔ ከድር ነኝ። ከሼኽ ሙሐመድያሲን ጋር በአንድ መስጊድ ሳስተምር ኖሬአለሁ። እሳቸው በሌሉበት መናገር አልለመድሁም፤ ታገሡኝ።

ሼኻችን ምን ነበር የሚሉን? "ኢማንና ዓቅል፣ እምነትና አእምሮ፣ ጠበኞች አይደሉም፤ ሁለቱንም የሰጠን አንድ ጌታ ነው።" ሁላችንም ሰምተናል። ስንቶቻችን ኖርንበት?

የሰፈራችን ልጅ ራውዳ የወለደች ጊዜ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ልጄን አላቅፍም አለች። እንቅልፍ ራቃት። ጂን ነው ተባለ፤ ዱላ ይዞ የመጣም ነበር። ሼኻችን በሩ ላይ ቆሙ።

"ጂን መኖሩን አምናለሁ። የታመመች ሴት መምታት ግን ከየት ያገኛችሁት ሃይማኖት ነው?"

እናቷ አሚናት፣ "ቁርአኑ አይበቃትም ወይ?" አለቻቸው።

"እቀራላታለሁ፤ ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድም እወስዳታለሁ። መድኃኒቱንስ ማን የፈጠረው መሰለሽ?"

ቁርአኑንም ቀሩላት፤ ሐኪም ዘንድም ወሰዷት። ዳነች።

ኋላ የገዛ ልጃቸው በመኪና አደጋ ሞተ። ሶብርን፣ ትዕግሥትን፣ ሲያስተምሩን የኖሩት ሰው ዝም አሉ። ይሰግዳሉ፤ ግን እህል አይቀምሱም፣ ሰው አያናግሩም። አገሩ ምን አለ? "ሼኽ አይደሉ? ኢማናቸው ይበቃቸዋል" አለ።

ቤታቸው የገባችው ራውዳ ናት፤ ልጇን አዝላ።

"ሼኻችን፣ ያኔ አንቱ ወሰዱኝ። ዛሬ እኔ እወስድዎታለሁ።"

"ሰው ምን ይላል፣ ልጄ?"

"ስለ እኔስ ምን ብሎ ነበር?"

ተነሥተው ተከተሏት።

ከወራት በኋላ በጁምዓ ሊሰብኩ ሚንበሩ ላይ ወጡ። ገና እንደ ከሱ ነበሩ። "ወገኖቼ፣ ነፍሴ ታማ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ኢማኔ ጎድሎ አይደለም፤ ሰው ነኝና ታመምሁ" አሉ። "ሼኽ ይህን በአደባባይ አይናገርም" ብሎ ያኮረፈም ነበር። በሳምንቱ ግን እሳቸው ዘንድ እነማን መጡ? ፊቷን የሸፈነች እናት፣ አንገቱን የደፋ ነጋዴ፣ ከደጋ የወረዱ አንድ ቄስ ሳይቀሩ። ሁሉም የደበቀውን ሊነግራቸው።

ሳቃቸው ተመለሰ። የልጃቸው ስም ሲነሣ ግን እስከ መጨረሻው ያለቅሱ ነበር። "እንባው አልቀረም፣ ከድር፤ አብሬው መኖር ቻልሁ እንጂ" ይሉኝ ነበር።

ሼኻችን፣ አላህ ቀብርዎን ያስፋልዎ፤ ያብራልዎ። ከልጅዎ ጋር በጀነት ያገናኝዎ።

ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ ስልዎ ኖርሁ። ዛሬስ አንድ ጊዜ አንተ ልበልህ።

ደህና ሁን፣ ወንድሜ።