ሸማችንን ገልብጠን የለበስን ዕለት

በእኛ ጊዜ ዝናብ ዝም ብሎ አይመጣም፤ ይለመናል። እዚህ እስራኤል፣ ባሕሩ ዳር ማሪናው ላይ ቁጭ ብላችሁ ይህን ሁሉ ውሃ እያያችሁ እንዳትስቁብኝ ልጆች! ያኔ ጎንደር፣ አዲስ ሙሽራ ነኝ፣ ሸክላ ሠሪ ነኝ፣ እና ማገዶ አለቀብኝ፤ ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ከምንጩ ዳር ካለው ዋርካ እርጥብ ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። ቆረጥኩ! አልነደደም እኮ፣ ጭሱ ብቻ አሳወረኝ።

ከዚያ ዝናብ ቀረ፣ ምንጩም ሊደርቅ ትንሽ ቀረው። ታዲያ ሰዉ፣ «ዝናቡን የያዙት ፈላሾቹ ናቸው፣ ቡዳዎቹ!» ማለት ጀመረ፤ እኛን ቤተ እስራኤሎችን ማለቱ ነው። ባሌም፣ «አደራሽን ዝም በይ፣ ቤታችንን ያቃጥሉታል» አለኝ።

ታዲያ የእስላም ጎረቤቶቻችን ትልቅ ሰው፣ ሼህ ኢድሪስ፣ አገሩን ሁሉ ምንጩ ዘንድ ጠሩና በዚያ በቀጭን ድምፃቸው፣ «ዛፉም፣ ጉንዳኑም፣ ድንጋዩም አላህን ያመሰግናል፤ ቋንቋውን አንሰማም እንጂ! ምድር አደራ ናት። ከመለመናችን በፊት አደራ የበላ ይናገር!» አሉ።

እኔም ሳላስበው ብድግ ብዬ፣ «እኔ ነኝ! ዋርካውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ!»

«አላልናችሁም!» ብሎ ከምንጩ አጠገብ ጓሮ ያለው አንድ ሰውዬ ጮኸ።

ሼሁ ምርኩዛቸውን ከፍ አድርገው፣ «ይህስ ከየት መጣ? ከዚሁ ዋርካ የሰበርኩት ነው!» አይሉም መሰላችሁ!

ከዚያማ ማን ይቻለን! አንዷ፣ «እኔ የጉንዳን ቤት ላይ የፈላ ውሃ ደፍቻለሁ!» ሌላው፣ «እኔ የወፍ ጎጆ አፍርሻለሁ!» በመጨረሻ ያ የጮኸው ሰውዬ አንገቱን ደፍቶ፣ «እኔ... የምንጩን ውሃ ወደ ጓሮዬ ጠልፌአለሁ» አለ። ሳቅ በሳቅ ሆንን፣ ሳቅ በሳቅ!

እና ውሃው ወደ ምንጩ ተመለሰ፣ ችግኝ ተከልን፣ ከብቱም ሕፃኑም ለዝናብ ልመናው ሜዳ ወጣ። ሼሁ ጋቢያቸውን ገልብጠው ለበሱና፣ «እኛ ስንገለበጥ ጊዜውም ይገለበጣል» አሉ። እስላሙም፣ ክርስቲያኑም፣ እኛም ገለበጥን፤ ባሌማ ሱሪውን ጭምር! ወዲያው ዘነበ ብዬ አልዋሽም። በሦስተኛው ቀን ግን መጣ፣ እንዴት ያለ ዝናብ! ሼሁ ጭቃው ላይ ተንሸራተው ቁጭ ብለው «አልሐምዱሊላህ!» ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

«ሳቭታ፣ ያ ሰውዬ ስሊኻ ጠየቀሽ?» አለችኝ የልጅ ልጄ፣ አያቷን በዕብራይስጥ ጠርታ።

ስሊኻ? ይቅርታ የምትል ቃልማ ከአፉ አልወጣችም። ግን ምንጭ በወረድኩ ቁጥር ወረፋውን ይለቅልኝ ነበር፣ እና እኔም እሱ ቆሞ ሲጠብቅ ቀስ ብዬ፣ ቀስ ብዬ እቀዳ ነበር! ሃ ሃ ሃ!