የተፋቀው የገና ዱላ

ወደ ዓለም ከተማ በሚሄደው አውቶቡስ፣ ከጎኔ የተቀመጡት አሮጊት አንድ እቅፍ የገና ዱላ ይዘዋል። ከማዶ ያለ ጎልማሳ ጠየቃቸው።

“እናቴ፣ ይሄን ሁሉ ዱላ ወዴት ነው?”

“ገበያ። የሟቹ ባለቤቴ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሰበስቡ ኖሩ፤ ቤቱ ጠበበኝ።”

“አዲስ ይመስላል።”

“ጥቀርሻውን በጠርሙስ ስባሪ ፋቅሁት። ጥቁር ዱላ ማን ይገዛኛል ብዬ።”

“ኧረ እናቴ! ተጫዋች የሚፈልገው ቅቤ ጠጥቶ ጢስ የመታውን ነው። ነጩማ ኳሷን፣ ሩሯን ሲመቱበት ይሰነጠቃል።”

“ውይ ድካሜ! እጄ እስኪላጥ ነው የፋቅሁት።”

“አንድም ያልተፋቀ አልተረፈም? እሳቸው የሚወዱትስ?”

“የሚወዱትንማ አስቀድሜ ፋቅሁት፤ እንዲያምር ብዬ።”

ጥቀርሻው ገና ያልለቀቀውን ጥፍራቸውን እያየሁ ዓለም ከተማ ገባሁ።