የአባ ሞረድ አራተኛ ነጥብ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ድንገት ሲወርድ አባ ሞረድ የያዙትን የብርቱካን ከረጢት ደረታቸው ላይ አቅፈው ወደ አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ሮጡ። ራሳቸውን አራግፈው ቀና ቢሉ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በፋብሪካው ውስጥ ሲሸሿት የከረሙት የጥራት ተቆጣጣሪ ከጎናቸው ቆማለች። ተመልሰው ዝናቡ ውስጥ እንዳይገቡ ሽምግልናው ያዛቸው።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ?» አለች ልጅቱ ጎንበስ ብላ።

«ደህና» አሉ ዝናቡን እያዩ።

አባ ሞረድ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሥራ ጓደኞቻቸው ናቸው፤ ሞረድ ከእጃቸው አይጠፋማ። ፋብሪካው ዊልቸር ይሠራል። እሳቸው ደግሞ የዊልቸሩ ቧንቧ ሳይነቃነቅ ታስሮ የሚበሳባቸውንና የሚገጣጠምባቸውን የብረት ማቀፊያዎች ይሠራሉ። ማቀፊያው ልክ ከሆነ መቶውም ወንበር ልክ ነው፤ ማቀፊያው ከተሳሳተ ግን መቶውም እኩል ይሳሳታል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የትኛው ማቀፊያ መቼና ለምን እንደተነካ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እውነቱን ለመናገር ይህ ደስ ይላቸው ነበር። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ወጥታ በተቀጠረች በወሯ «ወይዘሪት ወረቀት» ያሏትም እሳቸው ናቸው። ከዘጠኝ ቀን በፊት ጎን ለጎን ከቆሙት ሁለት አንድ ዓይነት የፍሬን ማቀፊያዎች በቀኙ ላይ «እስኪጣራ አይሠራበትም» የሚል ቀይ ካርድ ተንጠልጥሎ ሲያገኙ ጥርሳቸውን ነከሱ። ከዚያ ወዲህ እሷ በአንዱ በር ስትገባ እሳቸው በሌላው ይወጣሉ።

«ጋሼ፣ ካርዱን ያንጠለጠልኩት ሥራዎን ንቄ አይደለም» አለች።

«ታዲያ ምን ብለሽ ነው? እናትሽ አንቺን ሳትወልድ እኔ ማቀፊያ እሠራ ነበር።»

«አውቃለሁ። ለዚህም ነው እርስዎን የምፈልገው። ከእርስዎ በቀር የሚጠየቅ ሰው የለም። ችግሩም እሱ ነው።»

ከዚያም ዝናቡ አላባራ ሲል ሐሳቧን ረጋ ብላ ዘረዘረችላቸው። እያንዳንዱ ማቀፊያ የራሱ የልክ ሥዕል እንዲኖረው፣ ማቀፊያው በተነካ ቁጥር ለውጡ ቁጥር እንዲሰጠው፣ ቀኑ፣ ምክንያቱና የሠራው ሰው በካርድ እንዲጻፍ፣ ከለውጡ በኋላ የሚወጣው የመጀመሪያው ወንበር እንዲለካ፣ አሮጌው ሥዕልም ከግድግዳው ወርዶ አዲሱ እንዲሰቀል። አባ ሞረድ መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ፊታቸውን አጨፍግገው ሰሙ።

«ወረቀት ብረት አይበሳም ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ጎማ ሲቀየር፣ ቧንቧ ሲወፍር፣ ሥራው ቀጥ ብሎ ሲቆም የሚጠሩት ማንን ነው? እኔን። በሩብ ሰዓት አስተካክዬ ሥራው ይቀጥላል። አንቺ ፊርማ ስትለቅሚ ሃያ ወንበር ይወጣል።»

«ሃያ የማይሆን ወንበር ከሚወጣ አንድ ቀን ቢዘገይ አይሻልም?»

«ከእኔ እጅ የማይሆን ወጥቶ አያውቅም።»

አባ ሞረድ ይህን ያሉት ዋሽተው አይደለም። እጃቸው ፋብሪካውን ከስንት ጭንቅ አውጥቶታል። የሳቱት አንድ ነገር ነው፤ እጅ ጎበዝ ቢሆንም የሠራውን ለሌላ እጅ አይናገርም። ልጅቱ ግን ይህን አላለችም፤ ሌላ ነገር ጠየቀች።

«ከማቀፊያዎቹ ሥር በሹል ብረት የተመቱት ነጥቦች ምንድን ናቸው?»

የሽማግሌው ፊት ፈካ። ማንም የሚያያቸው አይመስላቸውም ነበር። ማቀፊያ በነኩ ቁጥር አንድ ነጥብ እንደሚመቱ፣ ከሟቹ አሠሪያቸው የተማሩት መሆኑን፣ ነጥቦቹን ሲቆጥሩ የሥራቸው ታሪክ ሁሉ እንደሚታወሳቸው በኩራት አጫወቷት።

«የግራው አራት አለው፤ የቀኙ ሦስት» አለች ልጅቱ። «አራተኛው የምንድን ነው?»

«ጎማው የተቀየረ ጊዜ ነዋ። አዲሱ ጎማ ከድሮው ስለሚያንስ የፍሬኑ ብረት አጥብቆ አይነክሰውም ነበር። ቀዳዳውን የሚመራውን ፒን አራት ሚሊሜትር ወደ ጎማው አስጠጋሁት።»

«የቀኙንስ?»

«የቀኙንማ...» ብለው ጀመሩና አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

ያን ቀን የቀኙ ማቀፊያ እግሩ ተሰንጥቆ ብየዳ ቤት ነበር። ነገ ሲመለስ አደርገዋለሁ ብለው ነበር። በነገታው ጠዋት ግን ታላቅ እህታቸው ከደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና አባ ሞረድ አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ሲያስታምሙ ከረሙ። ሲመለሱ የቀኙ ማቀፊያ ቦታው ላይ ተቀምጧል፤ ሥራ ሲበዛም ይሠራበታል። ምን እንደቀረው ማንም አላወቀም፤ የቀረው ነገር የተጻፈው በእሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበርና እሳቸውም ረሱት።

«ፍሬኑ ይሞከራል እኮ» አሉ ድምፃቸው ደክሞ።

«ይሞከራል ጋሼ። ግን ባዶ ወንበር ነው፣ ለጥ ባለ ወለል ላይ። ነጥቦቹ መለያየታቸውን ሳይ ሁለቱንም ለካኋቸው። ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል የድሮው ስለሆነ በእሱ ልክ ትክክሉ የቀኙ ነው፤ የተሳሳተው የእርስዎ የግራው ነው። የትኛውን ልመን? እርስዎን ልጠይቅ ስመጣ ደግሞ...»

«በሌላው በር እወጣ ነበር» አሉ አባ ሞረድ።

ወዲያው ዓይናቸው የያዙት ከረጢት ላይ ወደቀ። ብርቱካኑ የእህታቸው ነው። እህትየው ባለፈው ወር አባ ሞረድ ከተደረደሩት ወንበሮች መካከል በእጃቸው መርጠው ያስረከቧቸው ዊልቸር ላይ ነው የሚውሉት። ከቤታቸው በር እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ደግሞ ቁልቁለት ነው። ለልጅቱ በሁለት ቃል ነገሯትና ዝናቡን ሳያዩ ወጡ፤ እሷም ተከትላ ሮጠች።

እህትየው በራቸው አፍ ላይ ተቀምጠው ዝናቡን ያያሉ። «ምነው፣ ማን አባረራችሁ?» አሉ ዝናብ አርሷቸው የመጡትን ሁለቱን አይተው። ልጅቱ ሰላምታ ሰጥታ ከመቀመጫው ሥር ያለችውን የቆርቆሮ ምልክት አጎንብሳ አየች። ከቁጥሩ ቀጥሎ «ቀ» ተጽፎባታል፤ በቀኙ ማቀፊያ የተሠራ ማለት ነው። ይህችን ፊደል ያስጀመረችው እሷ ናት። ያኔ አባ ሞረድ «ወንበር ቀኝና ግራውን ቢያውቅ ምን ይሠራለታል» ብለው ሠራተኛውን ሁሉ አስቀውባት ነበር።

አባ ሞረድ እህታቸውን አቅፈው አልጋ ላይ አስቀመጡና ወንበሩን ራሳቸው ተቀመጡበት። ቁልቁለቱ ላይ ሆነው ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳቡ። ወንበሩ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ልጅቱ ከፊት ቆማ ያዘችው።

«እሱ እኮ ያለ ጡብ አይቆምም» አሉ እህትየው ከአልጋቸው። «እዚያ በሩ ጥግ አለልህ፤ ከጎማው ሥር የማደርገው።»

«ለምን አልነገርሽኝም እትዬ?»

«ወንበሩን ስታመጣልኝ ፊትህን አይቼዋለሁ። በእጄ ሥራ ነው የምትቀመጪው አልከኝ። እንዴት ብዬ አይይዝም ልበልህ? ክብደቴ ነው ብዬ ተውኩት።»

አባ ሞረድ እንባቸውን በእርጥቡ እጅጌያቸው ጠረጉና የእህታቸውን እጅ ይዘው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው የሌሎቹ ነገር ትዝ አላቸው። በዚህ ዓመት ከአራት መቶ በላይ ወንበር ወጥቷል።

«ስንት ሰው እጅ ገባ ልጄ?» አሉ ልጅቱን ለማየት ፈርተው።

እሷ ግን ማስታወሻዋን አውጥታ ነበር። «ጎማው ከተቀየረ ወዲህ በቀኙ የተሠሩት ሃያ ስድስት ናቸው። ሃያ ሁለቱ ከመጋዘን አልወጡም። ሦስቱ አንድ ክሊኒክ ናቸው። አንዱ ይኸው።» እዚያው ቆማ ወደ ክሊኒኩ ደወለች። ሦስቱም ወንበሮች ደህና ናቸው፤ ማንም አልወደቀም፤ አሁኑኑ ለብቻ እናስቀምጣቸዋለን አሏት።

«እፎይ!» አሉ አባ ሞረድ፤ ትከሻቸው ላይ የነበረው ሁሉ ወረደ። «ያቺ ፊደል ባትኖር አራት መቶ ቤት አንኳኳ ነበር። ለዚያውም በየትኛው አፌ።»

«የእርስዎ ነጥብ ባይኖርም እኔ ምንም አላይም ነበር» አለች ልጅቱ። «እኔ የምለው አዲስ ነገር አይደለም ጋሼ። ነጥቡን እርስዎ ጀምረውታል፤ የቀረው ሌላ ሰው እንዲያነበው ማድረግ ብቻ ነው።»

ሽማግሌው አሰቡበት። «እሺ» አሉ። «ሰኞ ቅጽሽን አምጪ።»

ሰኞ ቅጹን ይዘው የጠበቋት እሳቸው ናቸው፤ ከመጋዘን ወስደው መልክ በሌለው ጽሕፈታቸው ሞልተውት ነበር። ምክንያት በሚለው ቦታ ስለ ጎማው፣ ስለ ብየዳው፣ ስለ እህታቸው ዳሌም ሳይቀር ጽፈው ጠርዙን አልፈውታል። ልጅቱ ስቃ ስለ ጎማው ያለውን ብቻ አስቀረች። ፒኑን አስጠጉ፤ የመጀመሪያው ወንበር ሰው የሚያህል ክብደት ተጭኖበት ቁልቁለት ላይ ተሞከረ፤ ንቅንቅ አላለም። አራተኛውን ነጥብ የመቱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አሮጌውን ሥዕል ከግድግዳው የገነጠሉትም እሳቸው ናቸው። ሃያ ስድስቱም ወንበሮች በሳምንቱ ውስጥ ተስተካከሉ።

የለውጡ ጥቅም ለወንበሮቹ ብቻ አልነበረም። ድሮ አባ ሞረድ ሲታመሙ እንኳ ስልካቸው ትራሳቸው ሥር ነበር። በሚቀጥለው ወር ግን የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው አሥር ቀን እህታቸው ዘንድ ከረሙ። በመካከል አንድ ማቀፊያ ተስተካከለ፤ ካርዱን አንብቦ ያስተካከለው ሌላ ባለሙያ ነው፤ ስልኩም አልጮኸም። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ከፍቷቸው ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን እስከ ረፋድ ተኙ።

ፈቃዳቸው ያለቀ ዕለት እህትየው ቁልቁለቱ ላይ ወርደው ፍሬናቸውን ሳቡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ተቀመጡ።

«ያንን ጡብ ውሰድልኝ» አሉ። «እንቅፋት ሆኖብኛል።»

አባ ሞረድ ወሰዱት። ዛሬ በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ የለውጥ ካርዶቹን ነፋስ እንዳይበትናቸው የሚይዘው ያ ጡብ ነው።