የሊማሊሞው ስለትና የወገቤ ሕመም

ክቡራትና ክቡራን፣ የመንገድ ጥገና ክፍላችን ባልደረቦች፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለዚህ ቀን ያደረሰኝ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። ቀጥሎ ኃላፊያችንን ኢንጂነር ሐመልማልን አመሰግናለሁ። አዳራሹን አስጠርገው፣ በግ አሳርደው፣ ይሄን የመሰለ ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣል ካደረጉልኝ በኋላ «ጋሽ አለምነህ፣ አምስት ደቂቃ ይናገሩ» አሉኝ። ኢንጂነር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ግሬደር የነዳ ሰው በአምስት ደቂቃ የትም አይደርስም። ትንሽ ይታገሱኝ።

«ክቡራን» ስላችሁ ሳቃችሁ አይደል? እኔንም አስቆኛል። እዚህ ግቢ ውስጥ «አንተ፣ ያንን መፍቻ ወዲህ በል!» እንጂ መቼ ክቡር ተባብለን እናውቃለን? ዛሬ ግን ባለቤቴ ውቢት ከረባት አስራ ነው የላከችኝ። ከረባት ያሰረ ሰው «አንተ» አይልም ብላኛለች።

ወገኖቼ፣ ምስጋናዬ ከልቤ ነው። ከዳባት ወደ ደባርቅ ስመጣ እዚህ አንድ ዘመድ አልነበረኝም። እናቴ ያረፈች ጊዜ ድንኳን የተከላችሁ፣ ሦስቱን ቀን ከቤቴ ያልጠፋችሁ እናንተ ናችሁ። ልጄን የዳርኩ ዕለት ሙሽራዋን የወሰደው መኪና የገልባጭ ሾፌራችን የጠይብ የአጎቱ ልጅ መኪና ነው፤ ማን ሄዶ እንደለመነው እስከ ዛሬ አላውቅም። ይሄን ሁሉ ቆጥሬ አልጨርሰውም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አሁን ግን አንድ ነገር አለብኝ። ቅድም ኦፕሬተራችን ምስክር የሕይወት ታሪኬን ሲያነብ «ፍርሃት የሚባል ነገር የማያውቀው፣ የሊማሊሞው አንበሳ» አለኝ። አጨበጨባችሁ። እኔ ደግሞ የተቀመጥኩበት ወንበር ቆረቆረኝ። ምስክር ልጄ፣ ጽሑፍህ ያማረ ነው፣ እጅህ ይባረክ። ግን እውነት አይደለም። እኔ ፈሪ ነኝ። ይሄን ሳልናገር ጡረታ ብወጣ ደግሞ በፈሪነቴ ላይ ውሸታም ሆኜ ልቀር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት በነሐሴ ግሬደሬ ሊማሊሞ ላይ ገደል አፋፍ የተንጠለጠለች ዕለት ትዝ ይላችኋል? አዲሶቹ ልጆች አልነበራችሁምና ልንገራችሁ። ጭጋጉ እጅህን ዘርግተህ የማታይበት ነበር። ጭቃ ስጠርግ የመንገዱ ጠርዝ ከኋላ ጎማዬ ሥር ተናደ። የማሽኗ የኋላ ክፍል ወደ ገደሉ ወረደ፣ እኔ ሰማይ ሰማዩን እያየሁ ቀረሁ። ብንቀሳቀስ መሄዴ ነው።

አርባ ደቂቃ እንዲያ ተቀመጥኩ። ጠይብ ጠጠር የጫነ ገልባጩን አስጠግቶ፣ በሆዱ እየተሳበ ከሥሬ ገብቶ፣ በብረት ገመድ አሰረኝ። እሱ ያን ሲያደርግ እኔ ምን እያደረግሁ ነበር መሰላችሁ? ስለት እየተሳልኩ! ጮክ ብዬ! «ጊዮርጊስ ሆይ፣ ከዚህ አውጣኝ እንጂ ሁለተኛ ሊማሊሞን አልወርድም!»

ወጣሁ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ እናንተ ተሸከማችሁኝ፣ እኔም ወንድ ነኝና ቀለድኩ። በማግሥቱ ጠዋት ግን የማሽኑን መሰላል ስይዝ እግሬ ተሳሰረ። ኢንጂነር ሐመልማል ከቢሯቸው ወጥተው «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» አሉኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ወገቤን!» አልኳቸው።

ወዳጆቼ፣ ወገቤ ያን ጊዜም ጤነኛ ነበር፣ ዛሬም ጤነኛ ነው።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ ግን አሥራ አንድ ወር መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ተቀምጬ የዘይት ማጣሪያ ስደረድር አላሳቀኝም። ኢንጂነር ትራስ ያለው ወንበር አመጡልኝ። የመጋዘኗ ረህማ ከዛሪማ የወገብ መቀነት ገዝታ አመጣችልኝ፤ ልቧ የዋህ ነው። የጠይብ እናት የጥቁር አዝሙድ ዘይት በጠርሙስ ላኩልኝ። ውቢት ሚስቴ በዚያ ዘይት ስታሸኝ ከርማ አንድ ቀን «ለመሆኑ የሚያምህ ግራው ነው ቀኙ? ትናንት ግራ ብለህ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ መሐል መሐሉን ነው ማለት ጀመርኩ።

ለራሴ ግን ውሸት አልመሰለኝም። ስለት አለብኝ እል ነበር። ለጊዮርጊስ የገባሁትን ቃል እንዴት አፈርሳለሁ? እንዲያውም ቃሉን የሚጠብቅ ክርስቲያን ነኝ ብዬ ኮራ እል ነበር። አያችሁ የፈሪ ሰው ብልሃት? ፍርሃቴን ነጠላ አልብሼ ቤተ ክርስቲያን አስቀደስኩት።

ዓመቱ ሊደፍን ሲል፣ በሐምሌ፣ ሊማሊሞ ላይ ሁለት ናዳ ወረደ። አንደኛው ከላይ ከመታጠፊያው ላይ፣ ሁለተኛው ከታች። መሐል ላይ ጠይብና ስድስት የቀን ሠራተኞች ቀሩ። ጭቃው ሰው ይውጣል፣ በእግር መሻገር አይታሰብም። ምስክር ልጁን ለማሳከም ጎንደር ሄዷል። ደባርቅ ላይ ሎደር የሚያንቀሳቅስ ከእኔ በቀር አንድም ሰው አልነበረም።

ጠይብ ደወለልኝ።

«አለምነህ፣ ከላይም ከታችም ተዘግቶብናል። ሰባት ነን። ድንጋዩ አሁንም እየወረደ ነው።»

ከዚያ «እንደሚሆንልህ አድርግ። ባትመጣም አልቀየምህም» ብሎ ዘጋው።

ንግግሩ ግራ ገባኝ። ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው እንዲህ ይላል? ኢንጂነር እየሮጡ መጡና «ጋሼ፣ ወገብዎ እንዴት ነው?» አሉኝ። «አልቻልኩም» አልኩ። ትንሽ አዩኝና፣ «እሺ፣ ከጎንደር ኦፕሬተር እናስመጣለን» ብለው ወደ ስልካቸው ሄዱ። አልተቆጡኝም። ምነው በተቆጡኝ!

እኔ ደግሞ የት ሄድኩ? ወደ ንስሐ አባቴ፣ ወደ መምሬ ሕሩይ። እውነቱን ልናገር አይደል? የሄድኩት እንዲመክሩኝ አልነበረም። «ስለት ነውና አይፈርስም» እንዲሉኝ ነው። ያን ቃል ከካህን አፍ ብሰማ ዕንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«አባቴ፣ ስለት አለብኝ።»

«ለማን?»

«ለጊዮርጊስ።»

«ምን ልትሰጥ?»

«ሊማሊሞን ላልወርድ።»

መምሬ «ይሄ ለእሱ ምን ያደርግለታል?» አሉኝ።

በእንዲህ ያለ ቀን እንዲህ ያለ ጥያቄ! እሳቸው ቀጠሉ፦

«ሰው ጃንጥላ ይሳላል፣ ጧፍ ይሳላል፣ ያጣ ደግሞ ጉልበቱን ይሳላል። ስለት ከራስህ ላይ ቆርሰህ የምትሰጠው ነው። አንተ ከራስህ ምን ቆረስክ? ለሰው የሚገባውን ነው የቀማኸው። ቀምተህ ስታበቃ በሰማዕቱ ስም ደበቅኸው።»

«አባቴ፣ እፈራለሁ» አልኩ። የመጀመሪያ ጊዜ ነበር ይሄን ቃል ለሰው ስናገር። እንባዬ መጣ።

«ታዲያ ፍራ! ማን አትፍራ አለህ? ጌታችን ሊይዙት በመጡበት ዕለት በዚያ አትክልት ስፍራ አልተጨነቀም? አላዘነም? ግን ተነሥቶ ሄደ። አንተም እየፈራህ ሂድ። ፍርሃትህን እስኪወስድልህ አትጠብቅ፣ ጌታ ራሱ አብሮህ ይወጣል።»

መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው «ሳታውቅ ከገባህበት ስለት እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ። ልሮጥ ስል ክንዴን ያዙኝ። «ቀኖናህን ሳትሰማ የት ትሄዳለህ? በውሸት ወገብ ላሳዘንካቸው ሰዎች እውነቱን ትነግራቸዋለህ።» እሺ ብዬ ሮጥኩ።

ሎደሩ ላይ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ያን ቀን ፍርሃቱ ጥሎኝ ይሄዳል ብዬ ጠብቄ ነበር። ኧረ ወዴት! ከደባርቅ መውጫ እስከ ናዳው አብሮኝ ወረደ። «አቡነ ዘበሰማያት» እላለሁ፣ መሐል ላይ ይጠፋኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ። ስንቴ እንደጀመርኩት እንጃ፣ አንዱንም ግን አልጨረስኩትም። በዕድሜዬ ከዚያ የተሻለ ጸሎት ጸልዬ አላውቅም። እጄ መሪውን አለቀቀም። ዋናው እሱ አይደል?

ከጎንደር የተጠራው ኦፕሬተር ገና ጎንደር አጠገብ ኮሶዬን ሳያልፍ መንገዱን ከፈትኩ። ሰባቱም በእግራቸው ተሻገሩ። ገልባጩን ግን ማውጣት አልቻልንም። በማግሥቱ ሄደን ስናየው ጋቢናው በድንጋይ ተጨፍልቆ አገኘነው። ጠይብ የሚቀመጥባት ወንበር የለችም።

ያን ጊዜ ጠየቅሁት። «ለምንድን ነው ባትመጣም አልቀየምህም ያልከኝ?»

ምን አለኝ መሰላችሁ? «ገመዱን ሳስርልህ ስለትህን ሰምቼው ነበር። ለፈጣሪ የገባኸውን ቃል አፍርስልኝ ብዬ እንዴት እለምንሃለሁ?»

ጠይብ፣ ወንድሜ፣ ቀና በል እንጂ፣ ምን ያቀረቅርሃል? ይሄ ሰው ወገቤ ደህና እንደሆነ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ያውቅ ነበር። የእናቱን ዘይት በእጁ እያመጣ «ይማርህ» ይለኝ ነበር። ለማንም አልተነፈሰም። ድንጋይ እየወረደበት እንኳ የእኔን ስለት አከበረ። እኔ የተደበቅሁበትን ቃል እሱ ከነፍሱ አስበልጦ ያዘው። ስለ እምነት የማውቀውን ግማሹን ከመምሬ ሕሩይ ተምሬያለሁ፤ ሌላውን ግማሽ ያስተማረኝ መስጊድ የሚሄድ ጓደኛዬ ነው። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ስድስት ክረምት ሊማሊሞን ወርጃለሁ። አንድም ቀን ሳልፈራ አልወረድኩም። ምስክር ልጄ፣ አየህ፣ አንበሳ ያልከኝ ሰውዬ በየመታጠፊያው የሚያማትብ ፈሪ ነው።

ቀኖናዬን ግን አልፈጸምኩም ነበር። ገደሉን ወረድኩት፤ እናንተ ፊት ቆሞ «ዋሸኋችሁ» ማለት አቃተኝ። መምሬ ሕሩይ ጾም በገባ ቁጥር «ነገርካቸው?» ይሉኛል። «ገና ነኝ አባቴ።» ፍልሰታ ይመጣል፣ «ነገርካቸው?» «ገና ነኝ።» ባለፈው ጥር ታመው አልጋ ላይ ሳሉ ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ድምፃቸው እየደከመ እንኳ ያንኑ ጠየቁኝ። «ጡረታ ስወጣ በስንብቴ ዕለት እነግራቸዋለሁ» አልኩ። «እኔ እንግዲህ አልገኝም፤ አንተ ግን እንዳትቀር» አሉኝ። በሳምንቱ አረፉ። ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን።

ስለዚህ ዛሬ ቆሜ እየነገርኳችሁ ነው። በተለይ ለአንተ፣ ምስክር። እነዚያ አሥራ አንድ ወራት የእኔን ፈረቃ የሠራኸው አንተ ነህ። ሁለት ጊዜ ማሽንህ ተንሸራተተ። ሁለቱንም ጊዜ ወሬውን የሰማሁት ትራስ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። የሁለት ልጆች አባት ነህ። አንድ ነገር ብትሆን ኖሮ ልጆችህን ያለ አባት የማስቀራቸው እኔ ነበርኩ፣ በጤነኛ ወገቤ። አንተ ደግሞ ከሥራ በተመለስክ ቁጥር መጋዘን ድረስ መጥተህ «ጋሼ፣ ተሻለዎት?» ትለኝ ነበር። ያቺ ጥያቄህ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚህ ደረቴ ላይ ተቀምጣለች።

ምክር አልሰጣችሁም፣ እኔ ማን ሆኜ! አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ከናንተ አንዱ አንድ ቀን መሰላሉን ይዞ ሲቀር፣ «ወገቤን» ሲል፣ አትሳቁበት። አጠገቡ ቁሙና «ፈራህ እንዴ? እኔም እፈራለሁ» በሉት። እኔን ያን ጊዜ እንዲህ የሚለኝ ባገኝ አሥራ አንድ ወር አልፈጅም ነበር። እንዲህ የሚጠይቀኝ ባለመኖሩ ግን ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ ወገቤን ካልኩ ማን ልቤን ይጠይቀኛል?

ኢንጂነር፣ ጨርሻለሁ፤ ሰዓትዎን አይመልከቱ።

እግዚአብሔር ክረምቱን የበረከት ያድርግላችሁ። የወጣችሁበትን ገደል በሰላም ያስወርዳችሁ፣ የወረዳችሁበትን በሰላም ያስወጣችሁ። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። በፈራችሁበት ሰዓት አምላክ ከጎናችሁ አይለይ፣ ሰውም አይጥፋባችሁ። ምስክር፣ ከእንግዲህ የምትነዳት ማሽን እንደ ልጅህ ትታዘዝልህ። ጠይብ፣ አንተ የዋልክበት ሁሉ ሰላም ይሁን።

የመጨረሻዬ ይሄ ነው። ምስክር፣ ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ በድያችኋለሁና ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ይቅር በሉኝ። መልሳችሁን ሳልሰማ አልቀመጥም።