ከሳንቃው በስተጀርባ ያለው ምሰሶ

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የተዋስኩትን መሰላል ልመልስ ወደ ጎረቤቴ ክላሪ ቤት ስገባ፣ ሽማግሌው መጋዙን በደረጃው ምሰሶ ላይ ደግኗል። የእህቱ ልጅ ጆዲ፣ የግንባታ ምህንድስና ተማሪዋ፣ ምሰሶውን አቅፋ ቆማለች። ሚስቱ ቤሪል ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከፎቅ አልወረደችም። ሰኞ በደረጃው ላይ ይዟት የሚወርድ ወንበር ሊገጠምላት ነው፤ ምሰሶው ግን መንገድ ዘጋ።

«ልቀቂ ጆዲ! ሴትዮዋ ሣር ከረገጠች ወራት ሆናት።»

«አጎቴ፣ ይታገሡ። ምን እንደተሸከመ ሳናውቅ አይቆረጥም።»

«ምን ይሸከማል? ስሚው!» በቡጢ መታው። «ባዶ ሳጥን ነው፣ ጌጥ! አንቺ ሳትወለጂ ሚስማር ስመታ ነበር።»

«ባዶ የሚጮኸው ከውጭ የለበሰው ሳንቃ ነው። ቤቱን ከፍ አድርገው ከሥሩ ክፍል የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

«ስገዛው እንዲሁ ነበር። አስተማሪነቱን ተይኝ!»

በእኛ ከተማ በኢፕስዊች ቤት በእንጨት እግሮች ላይ ይቆማል፤ ከፍ ተደርጎ ከሥሩ ክፍል ሲሠራ፣ አስቀያሚውን እግር በሳንቃ ይለብጡታል። ክላሪ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ እልህ ግን የሚያውቁትን ያስረሳል።

ጆዲን ገፋ አድርጎ መጋዙን ሳበ። ከፎቅ አልጋ ሲንቋቋ ሰማን።

«ክላሪ! ምንድን ነው የሚያንቀጠቅጠኝ?» አለች ቤሪል።

«ስማኝ ጎረቤት፣ አንድ ሳንቃ ብቻ ንቀል። ጌጥ ከሆነ እኔው አብሬህ እስባለሁ» አልኩት።

እያጉረመረመ የላይኛውን ሳንቃ ፈነቀለ። ውስጡ ወፍራም ግራጫ ግንድ ቆሟል፤ አናቱ ላይ ምስጥ የሚከለክል የቆርቆሮ ቆብ ደፍቷል፤ በቆቡ ላይ የፎቁን ወለል የያዘው አግዳሚ ተጭኗል። እንዲህ ያለ ቆብ የሚደፋው የቤት እግር ብቻ ነው። ከአግዳሚው በላይ ደግሞ የቤሪል አልጋ ነው።

ክላሪ መጋዙን አስቀመጠ። «ከነአልጋዋ ላወርዳት ነበር» አለ።

«በዚህ አወራረድስ ወንበሩ ቢዘገይ ይሻለኛል!» ስትል ቤሪል ከላይ መለሰች።

ጆዲ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «መነሣት ካለበትም ባለሙያ አስልቶ፣ ሸክሙን በሌላ ድጋፍ ተቀብሎ ነው። እስከዚያ ጎረቤቶች በውጭው ደረጃ ተሸክመው ያውርዷቸው።»

«ተሸክመው ሲያወርዷት ሰው እንዳያያት ብዬ እንጂ...» አለና ወደ እኔ ዞረ። «እባክህ፣ ልጆችህን ጥራልኝ።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰ ሰው ግን አይለቀምም። አንድ ሳንቃ መንቀል ቤሪልን አተረፈ፣ ቤቱንም አቆመ። ያን ዕለት ማታ ግቢያቸው ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጣ፣ እግሯን ሣሩ ላይ ዘርግታ ስትስቅ አየኋት።

ክላሪ ሳንቃውን መልሶ አልመታውም። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «ከእኔ በኋላ መጋዝ ይዞ የሚመጣ ጅል ግንዱን እንዲያየው» አለኝ።